ፋይል ሲስተም እየደጋገመ ሲበላሽ፦ ጥፋተኛውን ነጥሎ ማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተሩ ሲነሳ በጥቁር ስክሪን ላይ ዲስኩን እየጠገነ መሆኑን ይናገራል፤ መቶኛው እየቆጠረ ያልቅና ዊንዶውስ ይከፈታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ነገር ይደገማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል። ለጊዜው ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ቼክዲስክም (ሲነሳ ዲስኩን የሚጠግነው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ሆነ ፎርማት የሚያስተካክሉት የተበላሸውን ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የትኛው ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንዳለ የሚይዘውን መዝገብ ነው፤ ያበላሸውን ነገር አይነኩትም። አንዴ ቢበላሽ መብራት ጠፍቶ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። በወር ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ ከተበላሸ ግን አበላሺው አሁንም ሥራ ላይ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ብዙ አይደሉም፦ ዲስኩ ራሱ፣ ኬብሉ፣ ራሙ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የዊንዶውስ አዘጋግ፣ ለፍላሽና ለኤክስተርናል ደግሞ አነቃቀሉና ሐሰተኛ አቅም። የሚከተለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ቅደም ተከተሉን ባያዛቡት ይመረጣል፤ ቼክዲስክ ወደ መጨረሻው የተገፋው ሆን ተብሎ ነው።

ትእዛዞቹን በስልክ እንደሚነገሩት በአጠራራቸው ጽፈናቸዋል፤ እርስዎ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፏቸው። ቼክዲስክ ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ተብሎ ይጻፋል። «ስላሽ» ያልነው አናቱ ወደ ቀኝ ያዘመመውን መስመር ነው። የዊንዶውስ ትእዛዝ ሁሉ የሚጻፈው ኮማንድ ፕሮምፕት «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ተብሎ ከተከፈተ በኋላ ነው።

በእርግጥ የተበላሸው ፋይል ሲስተሙ ነው?

ሦስት ችግሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ ወይም ባዶ ይመስላል፤ የተያዘው ቦታ ግን አልቀነሰም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው። በአንቲቫይረስ ካጸዱ በኋላ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ፣ በሰረዝ ኤስ እና በሰረዝ ኤች፣ ድብቅነታቸውን ማንሳት ይበቃል።

ሁለተኛው የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች መጉደል ነው፦ ስታርት ሜኑ አይከፈትም፣ አፕዴት ይወድቃል፣ የእርስዎ ዶክመንቶች ግን ደህና ናቸው። መድኃኒቱ የዊንዶውስን ፋይሎች የሚጠግኑት ዲአይኤስኤም እና ኤስኤፍሲ የሚባሉ ትእዛዞች ናቸው፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ሦስተኛው እውነተኛው ነው። ፎልደር ሲከፍቱ «ተበላሽቷል፣ ሊነበብ አይችልም» ይላል፤ የፋይል ስሞች የማይነበቡ ምልክቶች ይሆናሉ፤ ድራይቩ «ሮው» ተብሎ ይታያል፣ ፎርማት ላድርገው ብሎም ይጠይቃል (እምቢ ይበሉት)፤ ወይም «ፋውንድ ነጥብ 000» የሚባል ፎልደር ሳይፈጥሩት ብቅ ይላል። ይህ ፎልደር ቼክዲስክ ባለቤት ያጣላቸውን የፋይል ቁርጥራጮች የሚያከማችበት ነው፤ ሳያዩት አያጥፉት።

ከመጠገን በፊት ፋይሉን ማውጣት

ቼክዲስክ የፋይል ሲስተሙን ሥርዓት እንጂ የእርስዎን ሠርግ ፎቶ አያድንም። ሁለቱ ሲጋጩ ፎቶውን ይጥላል። ስለዚህ የተበላሸው ድራይቭ ላይ ምንም አዲስ ነገር ሳይጽፉ የሚያስፈልግዎትን ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ዶክመንትና ፎቶ ይቅደም፤ ፊልሙ ይቆይ።

ቅጂው በድንገት ወደ ጥቂት ኪሎባይት በሰከንድ ከወረደ፣ ወይም ሀርድ ዲስኩ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ወዲያውኑ ያቁሙ። ያ ዲስክ እየሞተ ነው፤ ፋይል በፋይል መቅዳት ያፋጥነዋል። ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስተው፣ ከሚሞት ዲስክ መረጃ በሚያወጣው ዲዲሬስክዩ በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ፣ እኩል ወይም ትልቅ ዲስክ ይገልብጡ። የመጀመሪያው ዙር በሰረዝ ኤን ይሁን፤ አስቸጋሪውን ቦታ ዘልሎ ጤነኛውን ቀድሞ ያወጣል። ሁለተኛው ዙር በሰረዝ ዲ እና በሰረዝ አር 3 ይሁን፤ የቀሩትን ሦስት ጊዜ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ የማፕ ፋይል ስም መስጠት ግዴታ ነው ብለው ይያዙት፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። ምንጭና መድረሻን በመጠናቸው አመሳክረው ሁለቴ ያረጋግጡ። ከተገላበጡ ባዶው ዲስክ በፋይልዎ ላይ ይጻፍበታል።

ዊንዶውስ 11 የብዙ ላፕቶፖችን ዲስክ ሳይጠይቅ በቢትሎከር ኢንክሪፕት ያደርጋል (በቁልፍ ይቆልፋል)። ዲስኩን ነቅለው ሌላ ማሽን ላይ ከመሰካትዎ በፊት የቢትሎከር ሪከቨሪ ኪውን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጽፈው ይያዙ፤ ያለ እሱ ዲስኩ አይከፈትም።

መዝገቡ ምን ይላል?

የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አብረው ይጫኑ፤ ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪውወርን፣ ከዚያ ዊንዶውስ ሎግስን፣ ከዚያ ሲስተምን ይክፈቱ። በቀኝ በኩል «ፊልተር ከረንት ሎግ» ይበሉና የቁጥር ሳጥኑ ውስጥ 7,11,41,51,55,129,153 ብለው ያስገቡ።

ቁጥር ብቻ አይቶ መደንገጥ የተለመደ ስህተት ነው። 55 ለምሳሌ ከርነል-ፕሮሰሰር-ፓወር በሚል ምንጭ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ይመዘገባል፤ ምንም ችግር የለውም። ለእኛ የሚያስፈልገን ምንጩ ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ፋይል ሲስተም) የሆነው 55 ነው፤ የፋይል ሲስተሙ መዋቅር ተበላሽቷል ማለት ነው። 7፣ 11፣ 51 እና 153 ምንጫቸው «ዲስክ» ሲሆን ይቆጠራሉ። 7 ክፉ ብሎክ ተገኘ ይላል፤ 11 የኮንትሮለር (ዲስኩን የሚያዘው ክፍል) ስህተት ነው፤ 51 በፔጂንግ (በራምና በዲስክ መካከል መረጃ ሲዘዋወር) ጊዜ የተፈጠረ ስህተት፣ 153 ደግሞ ንባቡ ወይም ጽሕፈቱ አልሳካ ብሎ እንደገና መሞከሩ ነው። 129 ዲስኩ መልስ ስላልሰጠ ሪሴት ተደረገ ማለት ሲሆን ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ስቶርኤኤችሲአይ ወይም ስቶርኤንቪኤምኢ የሚባል የዲስክ ድራይቨር ነው። ከርነል-ፓወር 41 ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ መነሳቱን ይናገራል።

አሁን ሰዓታቸውን ያስተያዩ፤ ግማሹ ምርመራ እዚህ ያልቃል። 41 ታይቶ ወዲያው 55 ከተከተለ ጣትዎን ወደ ኤሌክትሪኩ ይቀስሩ። 129 እና 153 በደቂቃዎች ልዩነት ተደራርበው ከመጡ፣ 41 ግን በአካባቢው ከሌለ፣ ኬብል ወይም ዲስክ ነው። 7 ካለ ዲስኩ ራሱ። 55 ብቻውን፣ ከዲስክ ምንም ስህተት ሳይታይ እየመጣ ከሆነ ራሙን፣ ወይም ከዊንዶውስ ጎን የተጫነ ሊኑክስን ይጠርጥሩ።

መልእክቱ ውስጥ «ሀርድዲስክ1» ዓይነት ስም ይኖራል። ያ ቁጥር በዲስክ ማኔጅመንት ከሚያዩት የዲስክ ቁጥር ጋር ይገጣጠማል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ሲደርስ ተሰክቶ የነበረ ፍላሽ ሆኖ ይገኛል፤ ዋናውን ዲስክ በከንቱ ከመቀየር ያድናል።

የዲስኩ ጤንነት

ክሪስታልዲስክኢንፎን ይጫኑ፤ ነፃ ነው። ከላይ በሰማያዊ «ጉድ» ስላለ ብቻ አይዝጉት። ፋንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫሊውስ በሚለው መንገድ ገብተው 10 ዲኢሲን ይምረጡ፤ ካልሆነ ቁጥሮቹ በ16 ቤት ስለሚታዩ ያሳስታሉ። ለሀርድ ዲስክ የሚታዩት አራት መስመሮች ናቸው።

05 በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ነው። ትንሽ ቁጥር ሆኖ ለወራት ካልተንቀሳቀሰ ዲስኩ ይኖራል፤ በየሳምንቱ ከጨመረ አይኖርም። ሲ5 ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ናቸው፤ ሲ6 በዲስኩ የራሱ ፍተሻ ጊዜ ሊታረሙ ያልቻሉት። ሲ7 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃ ቆጠራ ነው።

ሲ5 ላይ ቆም እንበል፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ የሚያሳስተው እሱ ነው። ዲስኩ እየጻፈ እያለ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሴክተሩ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል፤ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይነበብም፤ ሲ5 ላይም ይቆጠራል። ስለዚህ ፋይሉን ካወጡ በኋላ ያንን ድራይቭ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉ ፎርማት ያድርጉት። ሙሉ ፎርማት በሁሉም ሴክተር ላይ ዜሮ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሲ5 ወደ 0 ወርዶ 05 ካልጨመረ ዲስኩ አልታመመም፤ የተጎዳው በመብራቱ ነው። ሲ5 ካልወረደ ወይም 05 ከዘለለ ዲስኩ ይቀየር።

ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ ዝርዝሩ ይለያል። «ሚዲያ ኤንድ ዳታ ኢንተግሪቲ ኤረርስ» 0 መሆን አለበት። «አንሴፍ ሻትዳውንስ» በድንገት የጠፋበትን ብዛት ይቆጥራል፤ ከ«ፓወር ሳይክልስ» ጋር ሲነጻጸር በጣም የተቃረበ ከሆነ ማሽኑ በወጉ የተዘጋበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኬብል

ሲ7 ወደኋላ አይቆጥርም። 300 ቢል እንኳ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ለውጡ ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ይያዙ፣ 20 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ይቅዱ፣ እንደገና ይዩ። ከጨመረ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን ሳታ ኬብል በአዲስ ይተኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ሳታ መሰኪያ ይምረጡ። አጥብቆ የሚይዝ የብረት ምላስ ያለው ኬብል ይሻላል። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የተነቀለ ኬብል ግን ችግሩን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የዲስኩን የኃይል ኬብልም ይፈትሹ፤ በተለይ አንዱን ለሁለት የሚከፍለው አዳፕተር ካለ ያውጡት።

ራም፦ የማይጠረጠረው

ጥገና ቤት ውስጥ ዲስክ ሲቀየር ይታያል፣ ዊንዶውስ ሲጫን ይታያል፤ ራም ሲፈተሽ ግን እምብዛም አይታይም። ወደ ዲስክ የሚሄድ ሁሉ ግን በራም በኩል ነው የሚያልፈው። የፋይሎቹ ዝርዝር ራም ላይ እያለ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ዲስኩ ስህተቱን በታማኝነት ይጽፋል። ዲስኩ ትክክል ነው የሠራው፤ ስማርቱም (ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚያሳየው የዲስኩ የጤና ቆጠራ) ንጹሕ ይታያል፤ ፋይል ሲስተሙ ግን ተበላሽቷል። ይባስ ብሎ ቼክዲስክ ራሱ በዚያው ራም ላይ ነው የሚሠራው፤ በበሽተኛ ራም የተሠራ ጥገና ጤነኛውን ፎልደር ሊያፈርስ ይችላል። ቼክዲስክን ያዘገየነው ለዚህ ነው።

ፈጣን ፈተና ይቅደም። ከራምዎ መጠን የሚበልጥ አንድ ፋይል ይፈልጉ፤ ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ 12 ጊጋባይት የሚሆን ይበቃል። ሰቨንዚፕ ከተጫነ ፋይሉን በቀኝ ተጭነው «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» ውስጥ ኤስኤችኤ-256ን ይምረጡ፤ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ያስቀምጡ። ፋይሉን ሳይነኩ አራት አምስት ጊዜ ይድገሙት። ፋይሉ ከራም ካነሰ ዊንዶውስ ከዲስኩ ሳይሆን ራም ላይ ከቀረው ቅጂ ስለሚያነበው ፈተናው አይሠራም። ቁጥሩ አንዴ እንኳ ከተለየ ከራም፣ ከኬብል ወይም ከኮንትሮለር አንዱ መረጃ እያበላሸ ነው። ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነም ራሙ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ዋናው ፈተና ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለው የራም መፈተሻ ነው። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፉት፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ ያስነሱት፣ ቢያንስ አራት ዙር እስኪጨርስ ይተዉት። ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምሮ መተኛት ይሻላል። በቀይ የሚታይ አንድ ስህተት በቂ ነው፤ «አንድ ብቻ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ስህተት ከመጣ ባዮስ ገብተው ኤክስኤምፒ (የራሙን ፍጥነት የሚጨምረው ምርጫ) ክፍት ከሆነ ዘግተው እንደገና ይፈትሹ፤ ችግሩ ፍጥነቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልጠፋ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ በዚያው ስሎት ላይ ይፈትሹ። ሁለቱም ራም በአንድ ስሎት ላይ ብቻ ከወደቁ ማዘርቦርዱ ነው። የራሙን የወርቅ ጥርስ በላጲስ መፈተግ የተለመደ ነው፤ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ ስለሚቀር አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ማበሱ ይመረጣል።

ኤሌክትሪክ

ኤንቲኤፍኤስ ከመጻፉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በመዝገብ ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋ በዚያ ይመለሳል። ይህ የሚጠብቀው ግን የፋይሎቹን ዝርዝርና አቀማመጥ ነው፤ ሲጻፍ የነበረውን የሰነዱን ይዘት አይደለም። መዝገቡም የሚሠራው ዲስኩ «ጻፍኩ» ሲል በእርግጥ ጽፎ ከሆነ ነው። የዲስኩ የራሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ያለ መረጃ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይጠፋል።

ስታብላይዘር ለዚህ አይረዳም። ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ለአንድ መደበኛ ዴስክቶፕና ሞኒተር 650 ቪኤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል፤ ፕሪንተር አይሰኩበት። የዩኤስቢ ገመድ ካለው ከኮምፒውተሩ ያገናኙት፤ እርስዎ ከሌሉም ራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ባትሪው እርሳስ-አሲድ ነው፣ በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ በወር አንዴ ሶኬቱን ነቅለው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይለኩ። ጄኔሬተር ያላቸው ቢሮዎችም ዩፒኤስ ያስፈልጋቸዋል። ከመስመር ወደ ጄኔሬተር በሚዞርበት ቅጽበት ያለው ክፍተት ኮምፒውተሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት የሚይዘው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕም ዩፒኤስ ከሌለው ዴስክቶፕ አይለይም። የላፕቶፕ ባትሪ መቀየር ከሁለት ጊዜ የዳታ ማስመለሻ ክፍያ ይረክሳል።

መብራት ሳይጠፋ 41 የሚመጣ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን በመልቲሜትር ይለኩ። ኮምፒውተሩ ሥራ እየሠራ ሳለ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ መሆን አለበት። የሚለካው በውጭ በሚገኘው የዲስክ መሰኪያ ላይ ነው፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ፈጽሞ አይክፈቱ።

እግረ መንገድዎን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዲስኩን ፕሮፐርቲስ፣ ፖሊሲስ የሚለውን ይዩ። ሁለተኛው ምልክት፣ የካሽ «በፈር ፍላሺንግ» አጥፋ የሚለው፣ ባዶ መሆን አለበት። ኮምፒውተር ያፈጥናል ተብሎ የሚመከርበት ቦታ አለ፤ አይስሙ። ዩፒኤስ ከሌለዎት የመጀመሪያውንም ምልክት (ካሹን የሚያበራውን) ቢያነሱ ዲስኩ ትንሽ ይዘገያል፣ ጉዳቱ ግን ይቀንሳል።

ያልተዘጋ ዊንዶውስ

ፋስት ስታርታፕ ክፍት ከሆነ «ሻት ዳውን» ሲሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል፣ የድራይቮቹን ሁኔታም እንደያዘ ነው። በዚህ መሀል በሊኑክስ ያንን ድራይቭ ከፍተው ፋይል ቢጽፉ፣ ወይም ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽፈውበት ቢመልሱት፣ ዊንዶውስ ሲነቃ የድሮውን ዝርዝር ይዞ ይቀጥላል። ውጤቱ 55 ነው። ዲስክ ከማሽን ማሽን የሚያዞር ሰው ይህን ሳያውቅ ለወራት ይቸገራል።

ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ውስጥ ይግቡ፤ «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አናቬይለብል» የሚለውን ተጭነው «ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሺፍትን ይዘው ሻት ዳውን ማለት ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ያለው ኤንቲኤፍኤስፊክስ ስሙ ቢያጓጓም ጠጋኝ አይደለም፤ መዝገቡን አጽድቶ ዊንዶውስ እንዲፈትሽ ምልክት ከማድረግ ብዙ አያልፍም።

ፍላሽና ኤክስተርናል

አብዛኛው ፍላሽ የሚመጣው በፋት32 ወይም በኤክስፋት ነው፤ ሁለቱም እንደ ኤንቲኤፍኤስ ያለ ጆርናል (ከመጻፍ በፊት የሚያዝ መዝገብ) የላቸውም። ሲጻፍ ከተነቀለ መመለሻ የለም። ኤክስተርናሉ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ያድርጉት፤ ሲነቅሉም «ኢጀክት» ይበሉ። ሞተር ያለው ኤክስተርናል በዩኤስቢ ማከፋፈያ ወይም በዴስክቶፑ የፊት መሰኪያ ላይ ኃይል ሊያንሰው ይችላል፤ በቀጥታ ከኋላው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት።

አዲስ ፍላሽ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ደህና ይዞ ሲሞላ የሚያበላሽ ከሆነ አቅሙ የተጭበረበረ ነው። 512 ጊጋባይት የተባለው ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው ወይ ይጣላል ወይ በቀደመው ላይ ይጻፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግራል። በ10 ሜጋባይት በሰከንድ የሚጽፍ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለመሙላት ብቻ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል። የተጭበረበረ ፍላሽ አይጠገንም።

አሁን ቼክዲስክ

ፋይሉ ወጥቷል፣ አበላሺው ታውቆ ተወግዷል። «ቼክዲስክ ዲ» ብለው ሁለት ነጥብ ያድርጉና «ስላሽ ስካን» ብለው ይጀምሩ፤ ድራይቩን ሳይዘጋ ይፈትሻል። ችግር ካገኘ በስላሽ ኤፍ ይድገሙት። ሲ ድራይቭ ከሆነ ሲነሳ ይሠራ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ዋይ ብለው ሪስታርት ያድርጉ። ስላሽ አር እያንዳንዱን ሴክተር ስለሚያነብ ትልቅ ሀርድ ዲስክ ላይ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ደግሞ ገዳይ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ብዙ ፋይዳ የለውም። መቶኛው አንድ ቦታ ላይ ቢቆምም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ አይንቀሉት።

ሲነሳ የተሠራው ፍተሻ ሪፖርት ኢቨንት ቪውወር፣ አፕሊኬሽን ውስጥ፣ ምንጩ ዊንኢኒት፣ ቁጥሩ 1001 ሆኖ ይገኛል። «ኬቢ ኢን ባድ ሴክተርስ» የሚለውን መስመር ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ።

ሲ ድራይቭ ከነበረ ቀጥሎ ዲአይኤስኤም ስላሽ ኦንላይን ስላሽ ክሊንአፕ-ኢሜጅ ስላሽ ሪስቶርሄልዝ ይጻፉ፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከዚያ ኤስኤፍሲ ስላሽ ስካንናው።

ዲስክ የሚቀይሩ ከሆነ የተበላሸውን በክሎን አያሻግሩት፤ ብልሽቱም አብሮ ይሻገራል። ዊንዶውስን በአዲስ ጭነው ፋይልዎን ብቻ ይመልሱ። ሲገዙም እዚያው ሱቁ ውስጥ በክሪስታልዲስክኢንፎ «ፓወር ኦን አወርስ» ይዩ፤ አዲስ የተባለ ዲስክ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ ያገለገለ ነው።

ለሚቀጥለው አንድ ወር በየሳምንቱ 05፣ ሲ5 እና ሲ7ን ከነቀናቸው ይመዝግቡ፤ ሎጉንም በዚያው ማጣሪያ ይዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ኬብልና ራም አብረው ከተቀየሩ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ 55 ከተመለሰ ዲስኩን ሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ለሳምንት ያሠሩት። እዚያ ካልተበላሸ የቀረው ማዘርቦርዱ ነው፤ የባዮስና የስቶሬጅ ድራይቨር አፕዴት ከተሞከረ በኋላ እሱን መቀየር ነው።